ይበልጣል ገደማ

አባቴ ይበልጣል፣ በቡሬ ገበያ፣
ነጋዴ እርሳስ ሲያሻው፣ ወረቀት፣ ማስያ፣
እሱ ዛላ በርበሬ በጣቱ እየነካ፣
ዋጋውን ይጠራል፣ ሳንቲም ሳያዛንፍ፣ በልቡ እየለካ።
«ከሽንዲ ለመጣው፣ ከቆላ ለወጣው፣
ስድሳ ሦስት ተኩል፣ ጆንያው ተቀንሶ፣ ይህ ነው የሚያመጣው»
ይላል፤ አለቀ።
በስልኩ አስልቶ የተከራከረው፣ አፍሮ ተሳቀቀ።
ይል ነበር ልበል።
ለምላሴ ገና ነው «ነበር»ን መቀበል።

ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሚዛኑ ሥር ሳለ፣
ቀኝ እጁ ዛለ፤
የሁለት ኪሎው ድንጋይ ከጣቱ ኮበለለ።
ባሕር ዳር ወሰድነው።
ሐኪሟ ፎቶውን መብራት ላይ ለጥፋ፣ ጣቷን አሳረፈች፣
ከግራ ጆሮው በላይ፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ፣ አንዲት ጥላ አሳየች፤
አተር ታክላለች።
«ልኩን የሚያውቀው ጓዳ፣ ደም አጥቶ ደረቀ፤
በቃል የሸመደደው፣ በዜማ ያጠናው፣ ሌላ ጋ ነውና፣ ከጥፋት ራቀ፤
ግምቱም ደኅና ነው፤ እሱ ማዶ ያድራል፣ በቀኙ በኩል።»
እናቴ ጠየቀች፣ «አንድ ራስ አይደል? እንዴት ይከፈል?»
«ልክ እና ገደማ ጎረቤት ናቸው እንጂ፣ አንድ ቤት አይደሉም፤
አንዱ በተቃጠለ፣ ሌላው ሁልጊዜ አይነድም።»

ከዚያ ጠየቀችው። «ሰባት በሰባት ሲባዛ?»
«አርባ ዘጠኝ» አለ፣ ዳዊት እንደሚደግም፣ ሳያስብ፣ በዋዛ።
«ከሰባት ሦስት ሲነሳ?»
ዝም አለ። ጣሪያ አየ። ጣቶቹን አነሳ፤
የሰው ጣት ይመስል፣ አገላብጦ አያቸው፣ መልሶ ረሳ።
«አምስት... ሦስት ይሆናል። ብቻ አሥር አይሞላም።»
አፈርኩለት እኔ፤ እሱ ግን ምንም።
«ዓመትስ ስንት ቀን ነው?» «ወደ ሦስት መቶ ስድሳ።»
ጳጉሜን ጣለብን፤
ያቺን ትርፍራፊ፣ ያቺን ወር ኮሳሳ።
«ከአምስትና ከስምንት?»
«ስምንት» አለ ቶሎ፣ «ይበልጣል»። ሐኪሟ ሳቀች፤
ስሙን ይሁን መልሱን የነገራት፣ አላወቀች።

አሁን ገበያ ላይ፣ ዲጂታሉ ሚዛን ቀይ ቁጥር ሲያበራ፣
እሱ ከጎን ቆሞ፣ ጆንያ እየዳበሰ፣ ግምቱን ሲጠራ፣
«ስድሳ ገደማ ነው»። ስድሳ አንድ ይወጣል።
ጎረምሶች ይስቃሉ፤ «ይበልጣል ገደማ» የሚል ስም ወጥቶለታል።
ከሰው የማይቆጥረው በዝቷል ዘንድሮ፤
ስንቱን ሲቆጥርለት ያረጀው ሰው፣ አብሮ።

ሰኔ ላይ አንዲት ልጅ፣ ከቀበሌ መጥታ፣ ቅጽ ይዛ በእጇ፣
እናቴን አገኘቻት፣ በርበሬ ስትቀነጥስ፣ ተቀምጣ ከደጇ።
«ስንት ልጅ አላችሁ?»
«አራት»።
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲያ እያለች ኖረች፤
ሳትንተባተብ፣ ዓይኗን ሳታነሳ፣ በዚህ ቁጥር ጸናች።
አባቴ ከመደቡ፣ ጋቢውን ሰብስቦ፣
«አራት... አምስት ገደማ» አለ፣ ትንሽ አስቦ።
የእናቴ እጅ ቆመ፤ አንድ ዛላ በርበሬ፣ በጣቶቿ መሃል።

እንየው።
በጳጉሜን ተወልዶ፣ እዚያው በጳጉሜን፣ በአራተኛው ቀን፣
መስከረም ሳይጠባ፣ ክርስትና ሳይነሳ፣ የቀበሩትን።
ስሙን ሰምቼ ነበር፣ አንዴ፣ በሹክሹክታ፤
ቆጥሬው አላውቅም፤ ከእኔ በላይ ነበር፣ በልጆቹ ተርታ።
የወሩን ስም ረስቶ፣ ቀኖቹን የጣለ ሰው፣
ልጁን ከየት አገኘው? በየትኛው ጓዳ፣ በየት በኩል ያዘው?

«በልኩ ንገሩኝ» አለች ልጅቷ፣ ብዕሯን አንስታ።
«እሱ እንዳለው ጻፊ» አለች እናቴ፣ ዛላውን ትታ።

ልጅቷ ቅጹን አየች። ገለበጠች። መልሳ አየች።
አራት የሚጻፍበት፣ አምስት የሚጻፍበት ሳጥን ነበረው፤
ለገደማ የለውም።